የገንዳው ባሕር

በ1957 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሁለት ፈረሶች በአንድ ዳሚጃና፥ በትልቅ የመስተዋት ጠርሙስ፥ ውስጥ ሆነው ወላይታ ሶዶ ገቡ። ውሸት ነው የሚል ካለ ኤርካሎ ሻንቆን ይጠይቅ፤ ዳሚጃናውን ከጭነት መኪናው ላይ አቅፎ ያወረደው እሱ ነው። «ፈረሶቹ የታሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የሳይንሱ መምህር ሐብተማርያም መስተዋቱን በጣቱ ነካ አደረገለት። ኤርካሎ ጎንበስ ብሎ አየ። ጣት የማያክሉ ሁለት ፍጥረቶች፥ ፊታቸው የፈረስ፥ ጅራታቸው የእስስት፥ ውሃው ውስጥ ቆመው ይዋኛሉ።

«መምህር፥» አለ ኤርካሎ ቀና ብሎ፥ «እነዚህን ማን ይጭናቸዋል?»

ሐብተማርያም ከልቡ ሳቀ። ምጽዋ የሚሠራ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ባሕር ካየ ጊዜ ጀምሮ ሰውየው በጤናው አልነበረም። እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ድረስ ባሕሩን ቆርሶ ሊያመጣ ቆርጦ ተነሣ፤ አመጣም። ስድስት ዳሚጃና የባሕር ውሃ፥ አንድ ጆንያ የምጽዋ ጨው፥ በእርጥብ ከረጢት የተጠቀለለ ኮራል የሚባል ሕይወት ያለው ድንጋይ። የሳይንስ ክፍሉ ውስጥ በብረት ማዕዘን የታሠረ የመስተዋት ሣጥን አቆመ፤ ከሥሩ እንዲሞቅ ፋኖስ አስቀመጠ፤ አየር እንዲያገኝ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ በብስክሌት መንፊያ ተነፍቶ በቀጭን ቱቦ እየተነፈሰ ውሃው ውስጥ ይንፎለፎላል። ከመነዳሪውን መንፋት የኤርካሎ ሥራ ሆነ። በሰኔ መጨረሻ በወላጆች ቀን ባሕር አይቶ የማያውቀው የሶዶ ሕዝብ ሁሉ በሰልፍ ገብቶ እንዲያይ ነው ሐሳቡ።

ኤርካሎ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ሐብተማርያም ግን ለፈረሶቹ የመረጠው በር ስለሚጠብቅ አልነበረም፤ ከብት አያያዙን ሰምቶ ነው። ግማሹን ሰምቶ ነው ማለት ይሻላል። ግማሹ እንዲህ ነው፦ ከሶዶ እስከ በዴሳ ለጊፋታ በዓል በሬ ማድለብ የፈለገ ሰው ኤርካሎን ይፈልግ ነበር። ወላይታ በሬ የሚያደልበው ሜዳ ለቆ አይደለም። ቤቱ አስገብቶ፥ ከሰው ጋር አሳድሮ፥ የስኳር ድንች ሐረጉን ቆርጦ፥ የእንሰት ቅጠሉን ከትፎ፥ በቆሎውን ቀቅሎ በእጁ እያጎረሰ ነው። ኤርካሎ ያጎረሰው በሬ ጀርባው ከመደልደሉ የተነሣ ውሃ ቢያፈሱበት አይወርድም ይባል ነበር።

ሌላው ግማሽ ይኸውላችሁ። ባለፈው መስከረም፥ ለጊፋታ አራት ቀን ሲቀረው፥ የጎረቤቱ የጩማ በሬ በኤርካሎ እጅ ሞተ። በሬው የጩማ ይሁን እንጂ ሥጋውን ሊካፈል የሚጠብቀው ስምንት አባወራ ነበር። ኤርካሎ በመጨረሻዎቹ ቀናት «ትንሽ ይጨመርለት፥ ትንሽ ይጨመርለት» እያለ የተቀቀለ በቆሎ በላይ በላዩ አቀረበለት፤ በሬውም ይሉኝታ ይዞት ነው መሰል እንቢ አላለም። አንድ ቀን ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወደቀ። ጩማ መጣ፥ አየ፥ አንድም ቃል ሳይናገር ዞሮ ሄደ። ካሳም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አይከለክለውም፤ ነገር ግን እሱም ሆነ ሌላ ሰው ወይፈን እየጎተተ ወደ ኤርካሎ ደጅ አልመጣም። ሰው ቢሰድብህ መልስ አለህ፤ ዝም ላለህ ሰው ምን ትመልሳለህ? ኤርካሎ የአድላቢነት ስሙን በአንድ ጠዋት አጥቶ ዘበኛ ሆነ። ከዋንዛ ግንድ የተጠረበው የበሬ ገንዳም ከቤቱ ጓሮ ባዶውን ቀረ።

እንግዲህ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሐብተማርያም ለሦስት ሳምንት ኮርስ አዲስ አበባ ተጠራ። በሚሄድበት ዋዜማ ኤርካሎን ሳይንስ ክፍል አስገባና አንገቱ የተቆረጠ ትልቅ ዳሚጃና ፊት አቆመው። የጨው ውሃ ሞልቶታል፤ ውሃው ውስጥ አቧራ የመሰለ ነገር ይርመሰመሳል።

«ጋሼ ኤርካሎ፥ የፈረሶቹ ምግብ ይህ ነው» አለው።

«አቧራ ነው የሚበሉት?»

«በዚህ ይመልከቱት እስቲ» ብሎ ማጉያ መነጽር ሰጠው።

ኤርካሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን አስጠጋ። መጀመሪያ ምንም አላየም። ቀጥሎ አንዲት ፍጥረት ድንገት ዘለለች፤ ቀላ ያለች፥ በግንባሯ መካከል አንድ ዓይን ብቻ ያላት፥ ሁለት ቀንድ ያበቀለች፥ እንቁላሏን በከረጢት አድርጋ ከጅራቷ ሥር ያንጠለጠለች። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ መቶ። ኤርካሎ መነጽሩን ከዓይኑ አንሥቶ ውሃውን በባዶ ዓይኑ አየ፥ መልሶ በመነጽሩ አየ። ልቡ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ።

«ቁንጫ ናት» አለ።

«የሸርጣን ዘመድ ናት። በሳይንስ ስሟ ኮፔፖድ ነው።»

«ቁንጫ ናት መምህር። ቁንጫ እኔ አጥቼ አላውቅም፤ አዘላለሏን አውቀዋለሁ።»

«እሺ፥ የባሕር ቁንጫ ትሁን።» ሐብተማርያም ፈገግ አለ። «ባሕሩ ዳር ዓለት ላይ በተጠራቀመ ኩሬ ነው ያገኘኋቸው። ፀሐይ ሲያነድደው ዝናብ ሲያቀጥነው እዚያው የሚኖሩ ጠንካሮች ናቸው። ፈረሶቹ የሞተ አይነኩም፤ በዓይናቸው ሲንቀሳቀስ ያላዩትን አይበሉም። ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ቁንጫዎቹ ከሚወልዱት ፈረሶቹ የሚበሉት ስለሚበልጥ እዚህ ለብቻ እናራባቸዋለን፥ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ አጥልለው ለፈረሶቹ ይሰጣሉ።»

«ቁንጫዎቹስ ምን ይበላሉ?»

«ዱቄት። አንድ የክብሪት ራስ የምታክል፥ በቀን አንዴ። ከዚያ እንዳያልፉ። አደራ።»

ኤርካሎ «አደራ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከባለፈው መስከረም ወዲህ ነፍስ ያለው ነገር በአደራ የሰጠው ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐብተማርያም ይህን አያውቅም፤ ኤርካሎም አልነገረውም። በልቡ ግን ማለ፦ እነዚህ ፈረሶች ሞተው አይገኙም፤ ይህ እጅ ዳግመኛ አይገድልም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሠርግ ነበሩ። ኤርካሎ በማለዳ ይመጣል፥ ከሚስቱ ከአባይነሽ የለመናትን የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ዘርግቶ ቁንጫዎቹን ያጠልላል፥ ሣጥኑ ውስጥ ይነክራቸዋል፥ ጆሮውን መስተዋቱ ላይ ይለጥፋል። አንደኛው ፈረስ ጅራቱን ኮራሉ ላይ ጠምጥሞ፥ አንገቱን ሰበር አድርጎ፥ አንዲቷን ቁንጫ በዓይኑ ይከተላል፤ ከዚያ ጠቅ። እውነት ነው፥ ይሰማል። በቁልፍ እንደሚዘጋ ሣጥን ጠቅ ይላል። «በላ» ይላል ኤርካሎ ለራሱ። ጠቅ። «ደገመ።» የሚበላ አፍ እንደማየት ያለ ደስታ ለአድላቢ የለም።

በሦስተኛው ቀን ግን የክብሪቷን ራስ አይቶ አፈረ። በአደራ ለተሰጠ ነፍስ፥ ያውም ልጅ በከረጢት ለተሸከመች እናት፥ ይህ ይቀርባል? ሰው ቢያይስ ምን ይላል? አንድ የክብሪት ራስ ሦስት አደረገ። ውሃው ትንሽ ነጣ፤ ቁንጫዎቹ ዘለሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው አለ። በአራተኛው ቀን ከአባይነሽ ቡላ ጠየቀ። ወላይታ ለአራስና ለታመመ የሚሰጠው የእንሰት ነጭ ዱቄት ነው፤ ከምግብ ሁሉ የላቀ ክብር ያለው እሱ ነው። አንድ ማንኪያ በተነላቸው። በአምስተኛው ቀን ደግሞ፥ ይህን ስናገር እኔም አፍራለሁ፥ ቡላ ያለ ቅቤ ምን ይጥማል ብሎ የአተር ፍሬ የምታህል ቅቤ ጣል አደረገበት። የክብሪቱን ራስ ነገር ጨርሶ ረሳው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኤርካሎ እጅም ያልሞላ ገበታ አይወድም፤ የያዘው ያንን ልማድ ነበር።

በስድስተኛው ቀን በሩን ሲከፍት ሽታው ተቀበለው። ውሃው የአጓት መልክ ይዟል፤ ቅቤው ላዩን እንደ ክዳን ዘግቶታል። መነጽሩን አነሣ። አንድም አትዘልም። ከታች እንደ አሸዋ ተደርድረው ተኝተዋል።

ኤርካሎ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሯ ለጉልበቱ ትንሽ ናት። በሐሳቡ የጩማ በሬ ወደ ወደቀበት ሰዓት ተመለሰ። ያን ጊዜ ዕጣ ነው ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር፤ አሁን ግን ያው እጅ፥ ያው «ትንሽ ይጨመርለት» መሆኑን በዓይኑ አየ። ቅስሙ ተሰበረ። ማንም ስላልነበረ አለቀሰ፥ ከዚያም ዓይኑን ጠርጎ ዳሚጃናውን ተሸከመ።

ቤቱ ሲደርስ አባይነሽ አፍንጫዋን ያዘች። «የትርፌ አባት፥ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ኃጢአቴን» አለና ሁሉን ነገራት። «ጉድጓድ ቆፍሬ ልድፋው።»

«ይደፋል እንዴ? ጨው እኮ ነው» አለች አባይነሽ። ጨው የሚደፋ ቤት አይባረክም ብላ ያደገች ሴት ናት፤ ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረችም በኋላ ይህን አልተወችም። «ገንዳው ውስጥ ጨምረው። አንድ ቀን በሬ ይገባ ይሆናል፤ ይልሰዋል።»

ኤርካሎ በሬ እንደማይገባ ያውቃል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢሆንም አልተከራከረም። ከላይ ቅቤውን ገፎ ጣለና የቀረውን አሮጌው ገንዳ ውስጥ ገለበጠው። በገንዳው ግድግዳ ላይ የደረቀ እበትና የሣር ፍርፋሪ ነበር፤ ማንም አላጠበውም። ማታውን የሰኔ መግቢያ ዝናብ ትንሽ ጨመረበት፥ በማግሥቱ ፀሐይ ወጣበት፥ ኤርካሎም ወደዚያ ጎን መሄድ ተወ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለጠላትም አይመኙት። ሣጥኑ ውስጥ ኮራሉ ሥር የተደበቁ ቁንጫዎች ነበሩ፤ ፈረሶቹ አድነው አድነው ጨረሷቸው። ጠቅታው በቀን አሥር፥ ከዚያ ሦስት፥ ከዚያ አንድ ሆነ። ኤርካሎ ጉንዳን ሰጣቸው፤ ተንሳፈፈ። ሥጋ በምላጭ ከትፎ ሰጣቸው፤ ሥጋው ሰመጠ፥ ፈረሶቹ እንዳላየ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ከጣራ ውሃ በርሜል የወባ ትንኝ ትል እያጠለለ አመጣ፤ ትሎቹ እየተወራጩ ሲወርዱ ከሁለቱ ትልቋ ፈረስ አንዲት ሞከረች፥ ተፋቻት፥ እንደገና ወሰደቻት። በቀን አምስት ስድስት እንዲህ ትውጣለች፤ ነፍስ ማቆያ እንጂ ቀለብ አይሆንም። ሁለተኛው፥ ሐብተማርያም ሆዱ ላይ ባለው ቦርሳ ወንድ ነው ብሎ ያሳየው፥ ጭራሽ ተወው። ጅራቱን ጠምጥሞ ዝም አለ። ኤርካሎ ያንን ዝምታ ያውቀዋል፤ የጩማ ዝምታ ነው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በፊት አባይነሽ የጨው ውሃውን ወደ ማሰሮ ገልብጣ ገንዳውን ለማጠብ ወጣች፤ እንሰት ልትፍቅበት አስባ ነበር። ጥቂት ቆይታ ከጓሮ ጮኸች።

«የትርፌ አባት፥ ገንዳህ ቅማል አፍልቷል።»

ኤርካሎ ጎመን ተክሉን ረግጦ ሄደ። ውሃው የተቀቀለ ጎመን ውሃ መስሏል፤ አረንጓዴ፥ ግን ሽታ የለውም፥ እንዲያውም የዝናብ ሽታ ነው ያለው። ፀሐይ የገባበት ጥግ ላይ ቀይ ነገር እንደ በርበሬ ዱቄት ተነስንሷል። በርበሬው ይዘላል።

መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አጎነበሰ። አንድ ዓይን፥ ሁለት ቀንድ። በመቶ አይደለም፥ በሺህም አይደለም። እናቶች በከረጢት፥ ጎረምሶች፥ ከነጥብ የሚያንሱ ጨቅላዎች፤ የገበያ ቀን የሶዶ ገበያ እንዲህ አይሞላም። ሞተዋል ብሎ ከደፋው ውሃ ጥቂቶች ተርፈው ነበር፤ ቡላ ሳይሰጣቸው፥ ቅቤ ሳያዩ፥ እሱም ሳያጎርሳቸው፥ ፀሐይና የእበት ጭማቂ ባበቀለው አረንጓዴ ጠግበው ተዋልደዋል።

«አባይነሽ፥» አለ ድምፁ ተሰብሮ፥ «ስለተውኳቸው ነው የኖሩት።»

«ታዲያ ቆመህ ታለቅሳለህ? ቅሉን ያዝ።»

ቅሉን ሞልቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ከሰፈሩ እስከ ትምህርት ቤቱ ዳገት ነው፤ ያን ዳገት የሃምሳ ዓመት ሰው በሁለት እጁ ቅል አቅፎ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ቤቱ ተቃጥሎ እሳት ሊያጠፋ የሚሮጥ መሰለው። አንዱ «ሳሮ ነው ወይ ኤርካሎ?» ብሎ ደህንነቱን ሲጠይቀው «ሳሮ ነው፥ ቁንጫ አገኘሁ» ብሎ አለፈ። ሰውየው እስከ ዛሬ ያንን መልስ ያወራል።

አጠለለ፥ በንጹሕ የጨው ውሃ አለቀለቀ፥ ነጠላውን ሣጥኑ ውስጥ ነከረ። ቀዩ ደመና ወረደ። ትልቋ ቀና አለች። ጠቅ። ወንዱ ግን አልተነቃነቀም። ኤርካሎ መስተዋቱ ላይ ግንባሩን ደግፎ ጠበቀ፤ ትንፋሹ መስተዋቱን አጨለመው፥ በእጅጌው ጠረገው። አንዲት ቁንጫ በወንዱ አፍንጫ ፊት አለፈች። ሁለተኛዋ አለፈች። በሦስተኛዋ ላይ ዓይኑ ዞረ፤ ዓይኑ ብቻ። ጠቅ። ኤርካሎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሳቀ፤ ደስታ ሊገድለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት አንድ ጥልል፥ ከሰዓት አንድ ጥልል፤ እጁ ሦስተኛ ሲያሰኘው ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ገንዳውን ከዝናብ በእንሰት ቅጠል ይጋርደዋል፥ ለፀሐይ ይገልጥለታል፥ ሌላ ምንም አይጨምርለትም። ሕይወቱን ሙሉ ያልተማረውን አለመጨመር ከቁንጫ ተማረ።

ታዲያ በሃያኛው ቀን የሆነውን አስቡት። የወንዱ ሆድ አበጠ። መጀመሪያ ሲደልብ ነው ብሎ ደስ አለው፤ በማግሥቱ ግን እብጠቱ ተወጠረ፥ ቆዳው ሳስቶ አበራ፥ ፈረሱም መዋኘት ከብዶት ወደ ታች አዘነበለ። ያ ሆድ የጩማ በሬ ሆድ ነው። ኤርካሎ ነጠላውን አስቀመጠ። በልኩ አብልቶም ይገድላል ማለት ነው? ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ ሐብተማርያም ዛሬ ማታ ይገባል ሲባል የቢላቴ መንገድ ጭቃ ይዞታል የሚል ወሬ መጥቷል። ምግቡን ቢያቆም ይሻል ይሆን? ማቆም ነበረበት፤ በሬውን ያኔ ሁለት ቀን ቢያስጾመው ኖሮ ይተርፍ ነበር።

አባይነሽን ጠርቶ አሳያት። የሰፈሩን ልጆች ግማሽ ያዋለደች እሷ ናት። ዓይኗን መስተዋቱ ላይ አስጠግታ ብዙ ቆየች።

«ይህ ነፋስ አይደለም» አለች። «ይህ ምጥ የቀረበው ሆድ ነው።»

«ወንድ ነው እኮ። መምህሩ ነግሮኛል።»

«መምህሩ ስንት አዋልዷል?»

«አባይነሽ፥ ወንድ ነው እያልኩሽ።»

«ወንድም ይሁን ሴትም ይሁን፥ ሲንቀሳቀስ አይታይህም? ነፋስ ከውስጥ አይራገጥም። ልትወልድ የደረሰችን ሴት አስርበህ ኃጢአት እንዳትገባ።»

ኤርካሎ ቆመ። ነፋስ ከሆነና ካበላው ይገድለዋል፤ እርግዝና ከሆነና ከከለከለው ይገድለዋል። በበሬው ጊዜ ማንንም አልጠየቀም ነበር፤ የራሱን እጅ ብቻ ነበር የሚያምነው። ነጠላውን አነሣ፥ እንደ ሌላው ቀን አንድ ጥልል አደረገ፥ አልጨመረም፥ አልቀነሰም። ወንዱ በላ። ያን ምሽት ኤርካሎ የቀረበለትን ራት አልቀመሰም።

ጠዋት ግቢው በሕዝብ ሞላ። ሐብተማርያም የለም። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረጉና «ባሕሩን የሚያሳዩን አቶ ኤርካሎ ናቸው» ብለው በሩን ከፈቱ። የመጀመሪያው ሰልፈኛ ማን ሆነ መሰላችሁ? ልጁን እዚያ የሚያስተምረው ጩማ። ነጭ ጋቢ ለብሷል። ወደ ሣጥኑ ቀረበ፥ አየ፥ ወንዱ ፈረስ ወገቡ እየታጠፈ እየተዘረጋ ሲሰቃይ ተመለከተ። ከመስከረም ወዲህ ያልተናገረውን በወላይትኛ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ይህም እንደ በሬዬ ተነፍቷል።»

ኤርካሎ ፊቱ እንደ ፍም ጋለ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ ግፊያ ሆነ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰ ሐብተማርያም ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ሰውን እየገፋ ገባ። ሣጥኑን አየ። ሻንጣውን ለቀቀው። ወዲያው ወንዱ ፈረስ እንደ ቀስት ታጠፈ፥ ሆዱ ላይ ያለው ቦርሳ ተከፈተ፥ ከውስጡ ክር የመሰለ ነገር ተፈናጠረ። ክሩ ተፍታታ፤ ጭንቅላቱ የፈረስ፥ ጅራቱ የእስስት ሆነ፥ ቆሞ ዋኘ። ፈረሱ እንደገና ታጠፈ። ስድስት። እንደገና። አሥር። ኤርካሎ እስከ አርባ ሦስት ቆጠረና ተምታታበት።

«የዚህ ዘር አባት ነው የሚያረግዘው» አለ ሐብተማርያም። «መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ እንጂ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

ከኋላ አባይነሽ «አላልኩም?» አለች፤ ክፍሉ ሙሉ ሳቀ፥ ልጆች በወንበር ላይ ወጡ፥ ዳይሬክተሩ ራሳቸው መነጽራቸውን ጠረጉ። ጩማ ግን አልሳቀም። እጁን በአፉ ላይ ጭኖ መስተዋቱን ያያል።

ሐብተማርያም ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «እነዚህ ዛሬውኑ መብላት አለባቸው። ከነጥብ የሚያንስ፥ ሕይወት ያለው፥ ብዙ ሺህ። ጋሼ ኤርካሎ፥ የቁንጫው ዳሚጃና የት አለ?»

ዳሚጃናው የነበረበት የመስኮቱ ሥር ባዶ ነው። ኤርካሎ ጩማን አየ፥ ከዚያ መምህሩን አየ። መሸሽ ይችል ነበር፤ ተሰበረ ማለት ይችል ነበር። አላለም።

«ገደልኳቸው፥ መምህር» አለ በአማርኛ፥ ቀጥሎ ጩማ እንዲሰማው በወላይትኛ ደገመው። «አንድ የክብሪት ራስ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ቡላ በቅቤ ሰጠኋቸው። የጩማን በሬ እንደገደልኩት ገደልኳቸው። ትንሽ ይጨመርለት እያልኩ።» ወደ ሰፈሩ አመለከተ። «ግን የተረፉ አሉ። አንድ ገንዳ ሙሉ፥ ጓሮዬ።»

መምህሩ ሰምቶ ሳይጨርስ ነው የሮጠው። ኤርካሎ ተከተለ፥ አባይነሽ ቅሎቹን ይዛ ተከተለች፥ ጩማም ጋቢውን ሰብስቦ ተከተለ፤ ቁልቁለቱን ሲወርዱ የወላጆች ቀን ሕዝብ ግማሹ ከኋላቸው ነበር። ጓሮው ሲደርሱ ኤርካሎ የእንሰቱን ቅጠል ገለጠ። ቀዩ በርበሬ በፀሐይ ዘለለ። ሐብተማርያም ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረ።

ጩማ ገንዳውን ያውቀዋል። በሬው የጠጣበት ነው። ጠርዙን በመዳፉ ዳሰሰ፥ አረንጓዴውን ውሃ አየ።

«ይህ ገንዳ ተይዟል» አለ።

«ተይዟል» አለ ኤርካሎ።

«እንግዲያ ሌላ መጥረብ አለብኝ። ወይፈኔ ከዚህ ሊጠጣ አይችልም። የወደቀ ዋንዛ ደጄ አለ፤ ለማክሰኞ አደርሰዋለሁ።»

ኤርካሎ የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ ነጠላውን በቅሉ አፍ ላይ ለመወጠር ጎንበስ አለ። ጩማ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወረወረና ከጎኑ ተንበረከከ፥ ሌላውን ቅል አንሥቶ ገንዳው ውስጥ ነከረ።

«ምን ያህል ልሙላ?» አለው።

«ትንሽ» አለ ኤርካሎ። «ትንሽ ብቻ።»